ዴል አር720 ሰርቨር ላይ ራም ጨምሬ አልነሳ አለኝ፣ የሚያውቅ ይርዳኝ

ናቲ_ሐዋሳ፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ሰርቨር ላይ የሰራችሁ ሰዎች ባካችሁ ተባበሩኝ። መስሪያ ቤታችን አንድ ዴል ፓወርኤጅ አር720 አለ፣ ሁለት ፕሮሰሰር ነው ሁለቱም ዚዮን ኢ5-2650 ቪ2፣ ራሙ 64 ጊጋ ነበር ባለ 8 ጊጋ ስምንት ፍሬ። ፕሮክስሞክስ (ባንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን ሚያስነሳው ሲስተም) ተጭኖበት ፒችትሪው (የሂሳብ ሶፍትዌሩ)፣ ፋይል ሰርቨሩ፣ አክቲቭ ዳይሬክተሪው (የሰራተኛውን አካውንት ሚያስተዳድረው) እና አዲስ የመጣው የሰው ሃይል ሲስተም ሁሉም እሱ ላይ ነው ያሉት። አዲሱ ሲስተም ከገባ ወዲህ ማሽኑ ታፈነ፣ ጠዋት ሰው ሁሉ ሲገባ ፒችትሪ አንድ ሪፖርት ለማውጣት ሻይ ጠጥተህ ትመለሳለህ፣ ስለዚ ራም ይጨመር ተብሎ ባጀት ተፈቀደ (ይሄ ራሱ ተአምር ነው)።

ከአዲስ አበባ ካንድ ሱቅ ባለ 16 ጊጋ ስምንት ፍሬ ነበር ያዘዝነው፣ ባለሱቁ ግን ስድስት ብቻ ነው ያለኝ፣ ለቀረው አንድ ባለ 32 ጊጋ እሰጣችኋለሁ ድምሩ ያው ነው ብሎ በመኪና ላከልን። 64 ሲደመር 128፣ 192 ጊጋ ይሆናል ብለን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ከወጣ በኋላ ቨርቹዋል ማሽኖቹንም ሰርቨሩንም በስርአት አጥፍቼ ከፈትኩት። የድሮዎቹ ነጭ ክሊፕ ያላቸው ስሎቶች ላይ ናቸው፣ ኤ1 እስከ ኤ4 እና ቢ1 እስከ ቢ4። አዲሶቹን ጥቁር ክሊፕ ባላቸው ላይ ሰካሁ፣ ባለ 16ቶቹን ኤ5 ኤ6 ኤ7 እና ቢ5 ቢ6 ቢ7፣ ባለ 32ቱን ኤ8። ሁሉም ክሊፕ ጠቅ ብሎ ዘግቷል። ከዛ ሳበራው ፋኖቹ እንደ አውሮፕላን ጮሁ፣ ፊት ለፊት ያለችው ትንሿ ስክሪን ከሰማያዊ ወደ ብርቱካናማ ተቀየረች፣ የሜሞሪ ኮንፊገሬሽን ልክ አይደለም ሚል ነገር ጽፋ ቀጥ አለ። ኤፍ2 ብጫን አይገባም። አዲሶቹን በሙሉ ሳወጣ በ64ቱ ደህና ይነሳል። ሰኞ ጠዋት ፋይናንስ ከመግባቱ በፊት መፍትሄ ካላገኘሁ አለቀልኝ 😅 ምን ትላላችሁ?

ፒሲ_ዶክተር፦

ወንድሜ ይሄ ቀላል ነው። ራሙን አውጣና የወርቁን ጫፍ በላጲስ ሸክሸክ አርገህ መልሰህ ሰካ። 99 ፐርሰንቱ በዚ ይነሳል፣ እኔ በቀን ስንቱን ነው እንዲህ ማስነሳው።

አሽበርን_ቴክ፦

ናቲ ላጲሱን አስቀምጠው ለጊዜው። እኔ እዚ ቨርጂኒያ ዳታ ሴንተር ውስጥ ነው ማታ ማታ ምሰራው፣ አር720 በብዛት ነበረን አሁን ወጥቶ አለቀ እንጂ፣ እና ካወራኸው ውስጥ እኔን የጠረጠረኝ ያቺ ባለ 32 ናት። ዲዲአር3 (ይሄ ሰርቨር ሚወስደው የራም ትውልድ) ላይ 32 ጊጋ የሆነ ስቲክ አብዛኛው ኤልአርዲም ሚባለው አይነት ነው፣ የድሮዎቹ 8ቶች ደግሞ ከማሽኑ ጋ የመጡ ከሆነ አርዲም ሚባለው ሌላው አይነት መሆናቸው አይቀርም፣ እነዚ ሁለቱ ደግሞ አንድ ሰርቨር ውስጥ አብረው አይገቡም፣ ላንድ ቻናል (ፕሮሰሰሩን ከራሙ ሚያገናኘው መስመር) ብቻ ሳይሆን ለጠቅላላው ማሽን ነው ክልክሉ። ግን በግምት አንሂድ። እያንዳንዱን ፍሬ አውጣና ላዩ ላይ የተለጠፈውን ሌብል አንብበህ ጻፍልን። እንዲህ አይነት ነገር ታያለህ፦ 16ጊባ 2አር×4 ፒሲ3ኤል-12800አር። ሱቅ የጻፈውን ወይ ካርቶኑን አይደለም፣ ፋብሪካው ስቲኩ ላይ የለጠፈውን። ሁሉንም ስልህ አንዱን አንብበህ ሌላው ያው ነው እንዳትል፣ ከተለያየ ማሽን የተፈቱ ያገለገሉ ስቲኮች ናቸው ምናልባት ስድስቱም ስድስት አይነት ሊሆኑ ይችላሉ።

ሀና_ሲስአድሚን፦

አሽበርን ያለው ልክ ነው ሌብሉን ጻፍ። እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ በ64ቱ ስታስነሳው ኤፍ2 ግባና ሲስተም ባዮስ ውስጥ ሜሞሪ ሴቲንግ ሚለው ላይ ኦፕሬቲንግ ሞዱ ምን ይላል? ኦፕቲማይዘር (የተለመደው) ነው ወይስ ሚረር (ግማሹን ለግልባጭ ሚይዘው) ወይስ ስፔር (ለመጠባበቂያ ሚያስቀረው)? አንዳንዴ ሰው ከሰው የተረከበው ሰርቨር ላይ ሚረር ተደርጎ ይገኝና ግማሹ ራም የጠፋ ይመስላል። ያንተ ችግር እሱ ባይሆንም ቀጥሎ እንዳያስቸግርህ አሁኑኑ እየው። ሰርቨሩን አንተ ነህ ያስገባኸው ወይስ ተረክበህ ነው?

አንጋፋው፦

ልጆች እንደምን አላችሁ። ናቲ ልጄ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ስትከፍተው ሁለቱንም የፓወር ገመድ ነቅለሃል? አር720 ሁለት ፓወር ሰፕላይ ነው ያለው፣ ብዙ ልጅ አንዱን ይነቅልና ሁለተኛው ዩፒኤስ ላይ መሆኑን ይረሳዋል። ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን ገመዱ እስካለ ድረስ ቦርዱ ላይ ስታንድባይ ፓወር አለ፣ እዛ ላይ ራም መንቀልና መሰካት ስቲኩንም ስሎቱንም መግደል ነው። ሁለቱንም ነቅለህ የፓወር ቁልፏን ጥቂት ሰከንድ ተጭነህ ያዝ፣ ውስጡ የቀረው ይውጣ። ከዛ እጅህን ያልተቀባ የሻሲ ብረት ላይ አሳርፍ፣ ሪስት ስትራፕ (እጅ ላይ ሚታሰረው የስታቲክ ማውጫ) ካለህማ እሱ ነው ትክክለኛው። በተለይ እንደ ጥር ባለ ደረቅ ወር ምንጣፍ ላይ ተራምደህ መጥተህ ራም እንዳትነካ።

ሁለተኛ የክዳኑን ውስጠኛ ገጽ ገልብጠህ አንብበው። የራም አቀማመጡ በሙሉ በስዕል ተለጥፎ አለ። ስሎቶቹ በቁጥር ተራ አይደሉም የተደረደሩት፣ ኤ1 አጠገብ ኤ2 አለ ብለህ እንዳትገምት፣ አጠገቡ ያለው ኤ5 ነው። ስንቱ ባለሙያ እዚ ላይ ተሳስቶ ቦርድ ተበላሽቷል ሲል ሰምቻለሁ።

ሶስተኛ ፕላስቲኩን የአየር መሸፈኛ ሳትመልስ አታብራ። ለሙከራ ነው ብለህ ክፍቱን ብታስነሳው አየሩ ፕሮሰሰሩንና ራሙን ትቶ ባዶ ቦታ ነው ሚሄደው።

ናቲ_ሐዋሳ፦

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ አዎ ሁለቱንም ነቅያለሁ፣ የክዳኑን ስዕል ግን አላስተዋልኩትም ነበር አሁን ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩት።

@ሀና ተረክቤ ነው እኔ ከመምጣቴ በፊት የገባ ነው፣ ግን ኦፕቲማይዘር ነው ሚለው አሁን አይቼዋለሁ።

@አሽበርን ሌብሎቹ እነሆ፣ የስልክ መብራት አብርቼ አንድ ባንድ ነው ያነበብኩት ፊደሉ ደግሞ ከቅንድብ ፀጉር ይቀጥናል፦

የድሮዎቹ ስምንቱም፦ 8ጊባ 2አር×4 ፒሲ3ኤል-12800አር
አዲሶቹ ስድስት ባለ 16ቶች፦ አምስቱ 16ጊባ 2አር×4 ፒሲ3ኤል-12800አር፣ ስድስተኛው 16ጊባ 2አር×4 ፒሲ3-12800አር (ከ3ቱ ቀጥሎ ኤል የለውም)
ባለ 32ቱ፦ 32ጊባ 4አር×4 ፒሲ3-14900ኤል

እንግዲ እኔ ግራ የገባኝ ኤል ሁሉም ላይ አለ ማለት ይቻላል፣ አንዱ መሃል ላይ አንዱ መጨረሻ ላይ። ኤል ማለት ኤልአርዲም ከሆነ የድሮዎቹም ኤል አላቸው እኮ?

አሽበርን_ቴክ፦

አገኘነው። ጥያቄህ ጥሩ ነው ምክንያቱም ሻጩም እዛ ላይ ነው የተምታታበት መሰለኝ። መሃል ላይ ያለው ኤል፣ ማለት ፒሲ3ኤል ሚለው፣ የቮልቴጅ ነገር ነው፣ በ1.35 ቮልት መስራት ይችላል ማለት ነው። ኤል የሌለው ፒሲ3 ደግሞ በ1.5 ቮልት ነው ሚሰራው። ሁለቱን ብትቀላቅል ችግር የለውም ሁሉም በ1.5 ይሄዳል፣ ስለዚ ያ ስድስተኛው ስቲክህ ምንም አይልም ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው ሚጨምርብህ።

መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ናት ዋናዋ። አር ከሆነ አርዲም፣ ኤል ከሆነ ኤልአርዲም፣ ኢ ከሆነ ኢሲሲ (ስህተት ማረሚያ) ያለው ግን ሬጂስተር የሌለው ዩዲም፣ ዩ ከሆነ የተራ ዴስክቶፕ ራም። አርዲም ላይ ያለችው ሬጂስተር ቺፕ አድራሻና ትዕዛዙን ብቻ ነው ተቀብላ ምታስተላልፈው፣ ዳታው በቀጥታ ነው ወደ ፕሮሰሰሩ ሚሄደው። ኤልአርዲም ላይ ግን ዳታውም በበፈር ነው ሚያልፈው፣ ለዛ ነው አራት ራንክ (ባንዴ አብረው ሚሰሩ የቺፕ ቡድኖች፣ ሌብሉ ላይ 4አር ሚለው) ተጭኖበት እንኳን ለፕሮሰሰሩ ሸክሙ ቀሎ ሚታየው። ሜሞሪ ኮንትሮለሩ (ራሙን ሚነዳው ክፍል) ሲነሳ ለሁለቱ የተለያየ አነዳድ ነው ያለው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ስጠው ማለት በሬና ፈረስ ባንድ ቀንበር ጠምዶ እንደማረስ ነው፣ ሰርቨሩ ራሱ አልሄድም ብሎ ይቆማል እንዳየኸው። ተበላሽቶ አይደለም፣ ደንቡን ነው ያስከበረው።

ስለዚ ባለ 32ቱን አውጣና ለሻጩ መልስለት። ስቲኩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ አር720 ሙሉ በሙሉ በሱ ብትሞላው 24 ስሎት በ32 እስከ 768 ጊጋ ይወስዳል፣ ግን ወይ ሁሉም ኤል ወይ ሁሉም አር።

ቁጥሮቹንም ልንገርህ እግረ መንገዴን ምክንያቱም ሌላ ጊዜ ስትገዛ ይጠቅምሃል፣ 12800 ማለት 1600 ነው ፍጥነቱ፣ 14900 ማለት 1866፣ 10600 ማለት 1333፣ 8500 ማለት 1066። ገበያ ላይ በጣም ረክሶ ሚገኝ ባለ 16 ጊጋ አለ፣ 4አር×4 ፒሲ3-8500አር ሚል፣ እሱን አደራ እንዳትገዛ። አርዲም ነው ይነሳልሃል፣ ግን ባለ አራት ራንክ ስለሆነ ባንድ ቻናል ከሁለት በላይ አይገባም፣ ፍጥነቱም ሁሉንም ይዞ ነው ሚወርደው። ምክንያቱም ሰርቨሩ ሁሉንም ስቲክ በቀርፋፋው ፍጥነት ነው ሚያስኬደው።

ፒሲ_ዶክተር፦

እሺ እሺ ባለ 32ቱ ነው። ግን ላጲሱ ምንም አይጎዳም ነበር 😂

ናቲ_ሐዋሳ፦

ተነሳ!!! ባለ 32ቱን ሳወጣው ወዲያው ሰማያዊ ሆነ፣ ፕሮክስሞክስ ገባ። እግዜር ይስጥልኝ።

ግን አሁን ደሞ ሌላ ጣጣ። 64 ሲደመር ስድስት ጊዜ 16 (96) 160 ሊሆን ይገባል አይደል? ባዮሱም ፕሮክስሞክሱም 144 ነው ሚሉት። አንድ ስቲክ ተበላች ማለት ነው። ስክሪኗ ሰማያዊ ናት ስህተት አትልም። አይድራክ (ሰርቨሩን ከርቀት መቆጣጠሪያው) ውስጥ ገብቼ ሜሞሪ ሚለውን ሳየው ቢ6 ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ የለም። ዲኤምአይዲኮድ ሚለውን የሃርድዌር ዝርዝር ሚያወጣ ኮማንድ ፕሮክስሞክሱ ላይ ሳስኬደው ቢ6 ላይ ምንም ሞጁል አልተሰካም ይላል። ነቅዬ ደግሜ ሰካሁት ያው ነው። ስሎቱ ሞቶ ይሆን እንዴ?

ሀና_ሲስአድሚን፦

ስሎቱ ነው ብለህ አትደምድም። ቢ6 ላይ ያለውን ቢ5 ላይ አድርግ፣ ቢ5 ያለውን ቢ6 ላይ። ሌላ ምንም እንዳትነካ፣ ባንድ ጊዜ ብዙ ካቀያየርክ የቱ እንደፈታው አታውቅም። ከዛ አስነሳና እይ፦

የጠፋው አሁን ቢ5 ከሆነ ችግሩ ስቲኩን ተከትሎ ሄዷል ማለት ነው፣ ስቲኩ ነው።
የጠፋው አሁንም ቢ6 ከሆነ ስቲኩ ነፃ ነው፣ ስሎቱ ወይ ፕሮሰሰሩ።

ፕሮሰሰሩ ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም። በነዚ ዚዮን ኢ5ዎች ላይ ሜሞሪ ኮንትሮለሩ ቦርዱ ላይ አይደለም ያለው፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። የቢ ስሎቶች በሙሉ በሁለተኛው ፕሮሰሰር ነው ሚነዱት። ሶኬቱ 2011 ፒን ነው ያለው፣ ከነሱ አንዷ ጎንበስ ካለች ወይ ቴርማል ፔስት (ፕሮሰሰሩ ላይ ሚቀባው ሙቀት ማስተላለፊያ) ገብቶባት ከሆነ አንድ ስሎት ወይ አንድ ቻናል ሙሉ ይጠፋል። ቅርብ ጊዜ ሂት ሲንኩን (ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ማቀዝቀዣ ብረት) የነካ ሰው ነበር? ፔስት የቀየረ?

አንጋፋው፦

ሀና ጎበዝ ልጅ፣ ልክ ነው። ናቲ አንድ ስጨምርልህ፣ ፕሮሰሰሩን ግን ስቲኩን ሳታጣራ እንዳትከፍት። የዛ ሶኬት ፒን በመርፌ ጫፍና በማጉያ መነጽር ካልሆነ አይቃናም፣ እጁ ሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይንካው። እኔ አሁን አልነካውም 😄

ናቲ_ሐዋሳ፦

ማንም ፕሮሰሰሩን አልነካም። ሀና እንዳልሽው አቀያየርኩት፣ አሁን የጠፋው ቢ5 ነው። ስለዚ ስቲኩ ነው።

ከዛ አውጥቼ ጥሩ መብራት ስር ሳየው ምን አገኘሁ መሰላችሁ፣ ባለሱቁ የዋስትና ወረቀቱን ያቺን ቢጫ ትንሽ ስቲከር ማህተምና ቀን ያለባትን፣ ስቲኩ ጠርዝ ላይ ነው የለጠፋት። ታጥፋ ከጀርባ ዞራ የታችኛው ጫፏ የወርቅ ጥርሶቹ ላይ ደርሳለች። በመኪና ሲመጣ ሙቀት አግኝቷት ነው መሰለኝ ሙጫው ወርዶ አራት አምስት ጥርስ ላይ ቀጭን ቡናማ ሽፋን ሰርቷል፣ ከፊት ለፊት ስታየው አይታይም አዘንብለህ መብራት ሲያርፍበት ነው ሚለየው። ሌሎቹን ሳይ እነሱ ላይ ከፍ ብሎ ቺፖቹ ላይ ነው የተለጠፈው፣ ይቺ ብቻ ናት ወደታች የወረደባት።

አሁን በምን ላጽዳው? ስቲከሩን ብልጠው ዋስትናው ይሰረዛል ይላል ላዩ ላይ 🙃

ፒሲ_ዶክተር፦

አላልኩም?? ላጲስ!!!

አሽበርን_ቴክ፦

ሃሃ ፒሲ ዶክተር ዛሬ ቀንህ ነው። ግን እኔ ላጲስ አልመክርም እና ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ የወርቁ ሽፋን በጣም ስስ ነው፣ ላጲስ ደግሞ በተለይ የእርሳሱ ሳይሆን የእስክሪፕቶው ጠንካራው በኩል ሚሞርድ ነገር አለበት፣ ደጋግመህ ስትሸከሽክ ወርቁ ይላጥና ስሩ ያለው ብረት ይወጣል እሱ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይዝጋል። ፍርፋሪውም ስሎት ውስጥ ይገባል። ለቤት ዴስክቶፕ እሺ ግድ የለም፣ አመቱን ሙሉ ለማይጠፋ ሰርቨር ግን አይሆንም። እንደዚ ሙጫ ከሆነ ደግሞ ላጲስ ያሰፋዋል እንጂ አያነሳውም።

አይሶፕሮፒል አልኮል ፈልግ፣ 99 ካገኘህ እሰየው ካላገኘህ ከ90 በላይ የሆነ። ለእጅ ማጽጃ ተብሎ ሚሸጠውን ጄል አይደለም፣ እሱ ውስጥ ማለስለሻ አለበት ሽፋን ትቶ ይሄዳል። የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ በሱ ነክረህ፣ ከላይ ወደታች በአንድ አቅጣጫ፣ ወደ ጎን አትሽ። ሙጫው እስኪለሰልስ ትንሽ ጊዜ ስጠው። ከዛ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቅ። ስሎቱንም ሙጫ ገብቶበት እንደሆነ በመብራት እየው፣ ሁለት ስሎት ላይ ሰክተኸዋልና።

ስለ ስቲከሩ፣ ከማንሳትህ በፊት ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንሳው፣ ጥርሱ ላይ እንዳረፈ ሚያሳየውን በተለይ። ፎቶውን ለባለሱቁ ላክለትና ይሄ የናንተ ስቲከር ነው አነሳዋለሁ ብለህ በጽሁፍ አሳውቀው። እምቢ ካለ ሙሉውን ስቲክ ይቀይርልህ።

ናቲ_ሐዋሳ፦

ባለሱቁ መጀመሪያ እኛ ጋ ሰርቷል አለ፣ ፎቶውን ሲያይ ዝም አለና አንሳው ችግር የለውም አለ። ባለ 32ቱንም በሁለት ባለ 16 እቀይርልሃለሁ መላኪያውን ግን አንተ ቻል አለኝ። አለቃዬ መላኪያውን ከኪስህ አለችኝ፣ እሱን ተዉት።

አልኮሉን ከፋርማሲ አጣሁት፣ ላቦራቶሪ ዕቃ ሚሸጥ ቦታ ነው ያገኘሁት። አጸዳሁት፣ ደረቀ፣ ሰካሁት፣ 160 ጊጋ! አይድራክ ላይ ሁሉም ስሎት አለ።

አሁን ቀጥታ ወደ ስራ ላስገባው ወይስ ቴስት ላድርግ?

ሀና_ሲስአድሚን፦

በፍጹም በቀጥታ አታስገባው። ያገለገለ ራም ነው፣ ካሁን በፊት የት እንደነበር አታውቅም። ዛሬ ሌሊቱን ሜምቴስት86ፕላስ (የራም መፈተሻ ፕሮግራም) አስነሳበት፣ አዲሱ 6 እና ከዛ በላይ ያለው ቨርዥን በዩኢኤፍአይም (ባዮስን በተካው አዲሱ አነሳስ) ይነሳል። ወይ ደግሞ ሲነሳ ኤፍ10 ብለህ ላይፍሳይክል ኮንትሮለር ውስጥ ያለውን ሃርድዌር ዳያግኖስቲክ ተጠቀም፣ እኔ ግን ሜምቴስቱን ነው ማምነው ረጅም ስለሚያስኬደው።

እና ሜምቴስት ንጹህ ነው ቢልህም ኢሲሲ መሆኑን አትርሳ። ኢሲሲ አንድ ቢት ሲሳሳት ዝም ብሎ አርሞ ያልፋል፣ ቴስቱም ላያየው ይችላል። ስህተቱን ምታገኘው አይድራኩ ሲስተም ኢቨንት ሎግ ውስጥ ነው። ስለዚ ከቴስቱ በፊት ሎጉን ኤክስፖርት አድርገህ አጽዳው፣ ጠዋት ስትመጣ ያለው ነገር በሙሉ አዲስ ነው ማለት ነው። የሚታረም ስህተት መጠኑን አልፏል ሚል ከአንድ ስሎት ስም ጋ ካየህ ያንን ስቲክ መልሰው። መልቲ ቢት ሚል ካየህማ ጥያቄም የለውም፣ እሱ ሁለት ቢት ባንዴ ተሳስቶ ማረም ያልቻለው ነው፣ ማሽኑን በስራ ሰዓት ነው ሚጥልብህ።

አሽበርን_ቴክ፦

ሀና ጨረሰችው። እኔ አቀማመጡን ብቻ ልጨምር። ትልልቆቹን መጀመሪያ ነው ሚቀመጠው፣ ነጭ ክሊፕ ላይ። አሁን ያንተ ተገልብጦ ነው ያለው፣ 8ቶቹ ነጩ ላይ 16ቶቹ ጥቁሩ ላይ። ይሰራል አልሰራም አይደለም ጥያቄው፣ የዴል ማኑዋል ከፍተኛ መጠን ያላቸውን አስቀድም ይላል፣ እና ከመክፈትህ ካልቀረ አስተካክለው።

ለአሁኑ 160ው፦ ኤ1 ኤ2 ኤ3 ላይ ባለ 16፣ ኤ4 ላይ ባለ 8፣ ከዛ ኤ5 ኤ6 ኤ7 ላይ ባለ 8። ኤ8 ባዶ። ቢም ልክ እንደሱ። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም ፕሮሰሰር እኩል 80 80 ይደርሳቸዋል። ኤ1፣ ኤ5 እና ኤ9 አንድ ቻናል ናቸው፣ ኤ2፣ ኤ6 እና ኤ10 አንድ፣ እንደዛ እያለ ይቀጥላል። አራተኛው ቻናልህ ለጊዜው ቀለል ያለ ይሆናል፣ ችግር የለውም። ሁለቱ ባለ 16ቶች ሲመጡልህ ኤ4 እና ቢ4 ላይ አድርጋቸውና እዛ የነበሩትን 8ቶች ወደ ኤ8 እና ቢ8 አውርድ፣ ያኔ እያንዳንዱ ቻናል 24 ጊጋ፣ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር 96፣ ድምሩ ያሰብከው 192።

አረንጓዴ ክሊፕ ያላቸውን ስሎቶች አስገዳጅ ካልሆነ አትንካቸው። ባንድ ቻናል ሶስት ስቲክ ስታደርግ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ መጠን ታገኛለህ ፍጥነት ትከፍላለህ።

ዘኪ_ፕሮክስሞክስ፦

ዘግይቼ ነው የደረስኩት ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ናቲ ዲስኩ በዜድኤፍኤስ (ራምን ለካሽ በብዛት ሚጠቀም ፋይል ሲስተም) ነው እንዴ? ፕሮክስሞክሱ ሲጫን ስንተኛው ቨርዥን ነበር?

ናቲ_ሐዋሳ፦

አዎ ዜድኤፍኤስ ነው። ሲጫን 7 ነበር፣ በኋላ ነው ወደ 8 አፕግሬድ የተደረገው። ለምን?

ዘኪ_ፕሮክስሞክስ፦

እንግዲያው ከራምህ ግማሹን ሲበላው የነበረው ዜድኤፍኤስ ራሱ ሊሆን ይችላል። አርክ ሚባል ካሽ (ከዲስክ የተነበበውን ራም ላይ ሚያቆይበት) አለው፣ በድሮ ኢንስታሌሽን ላይ እስከ ግማሽ ራም ድረስ ይወስዳል፣ 64 ከሆነ 32 ማለት ነው። ከ8.1 ጀምሮ አዲስ ሲጫን ኢንስታለሩ ከ10 ፐርሰንት እንዳያልፍ ያደርገዋል፣ ያም ቢሆን ጣሪያው 16 ጊጋ ነው። አፕግሬድ ያደረገ ሰው ግን የድሮው ሴቲንግ ነው ሚቀጥልበት። አርክ ማሽኖቹ ሲፈልጉ ይለቃል ይባላል፣ ሚለቀው ግን ቀስ ብሎ ነው፣ ጠዋት ሁሉም ባንዴ ሲገባ አይደርስም።

አርክስታት ሚለውን ኮማንድ ብለህ መጠኑን እየው። ከዛ ሞድፕሮብ ፎልደር ውስጥ የዜድኤፍኤስ ፋይል ላይ የአርክ ማክሱን ወስንለት፣ ባይት ነው ሚቀበለው በጊጋ እንዳትጽፈው፣ ለ16 ጊጋ 17179869184። ሩት ዲስክህም ዜድኤፍኤስ ከሆነ ኢኒትራምኤፍኤስን (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ ሚጫነውን ፋይል) አፕዴት አድርገህ ነው ሪቡት ምታደርገው፣ ያለዛ አይዝም። አሁን ሳትወስነው 192 ብታስገባ 96ቱን ወስዶ ቁጭ ይላል፣ አለቃህ ደግሞ ያን ሁሉ ብር አውጥተን ግማሹ የት ገባ ትልሃለች።

ፒሲ_ዶክተር፦

ስለዚ ራም ሳይገዛ መፍታት ይቻል ነበር ነው ምትለን? 😳

ዘኪ_ፕሮክስሞክስ፦

በከፊል። አራት ማሽን በ64 ጊጋ ላይ፣ አንዱ ዳታቤዝ፣ ራሙ አይጠላም። ግን እኔ ብሆን መጀመሪያ አርኩን ወስኜ አንድ ሳምንት አየው ነበር።

ናቲ_ሐዋሳ፦

ዘኪ ባክህ ይሄን አለቃዬ እንዳታነበው 😂😂 አርክስታት 31 ነጥብ ምናምን ጊጋ ነበር ሚለው፣ አሁን 16 ላይ ወሰንኩት።

ሪፖርት ላድርግላችሁ፣ ሜምቴስቱ ሌሊቱን አድሮ ንጹህ ወጣ፣ የአይድራኩ ሎግ ላይም ከፓወር ኦን ውጪ ምንም የለም። አቀማመጡን እንደ አሽበርን አስተካከልኩት፣ ፍጥነቱን 1600 ይላል። ሰኞ ጠዋት ፋይናንስ ገብተው ማንም አልደወለልኝም። ባለ 32ቱን ዛሬ በአውቶቡስ ልኬዋለሁ፣ በምትኩ ሚመጡትን ሁለቱን ሌብላቸውን ፎቶ አንስቶ ካላሳየኝ እንዳይልክ ነግሬዋለሁ።

አንጋፋው፦

ደግ አድርገሃል። ሲመጡልህ ስቲከሩ የት እንደተለጠፈም በፎቶው እየው።

ሰለሞን_ጅማ፦

ሰላም፣ እኔ ደሞ ኤችፒ ዲኤል380 ጀን8 ላይ ተመሳሳይ ችግር አለብኝ፣ ራም ጨምሬ ዊንዶውስ ላይ 32 ብቻ ነው ሚያሳየው ባዮሱ ግን 96 ይላል።

ሀና_ሲስአድሚን፦

ሰለሞን ባዮሱ ካየው ሃርድዌሩ ደህና ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 ስታንዳርድ ከሆነ ከ32 ጊጋ በላይ አይቀበልም፣ የዊንዶውሱ ገደብ ነው። ቨርዥኑን እይና ሌላ ፖስት ክፈት፣ እዛ እንነጋገር።